ከጉድጓዱ በላይ የተሠራችው ክፍል

ልጅ እያለሁ፣ የግቢያችን ሽንት ቤት እስኪሞላ ድረስ፣ አባቴን የሚያህል ሰው ደብረ ታቦር ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር። በጭቃ የተመረጉ ስድስት የኪራይ ክፍሎች ነበሩን። ተከራዮቹ በአብዛኛው ከገጠር መጥተው የሚማሩ ልጆች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወላጆቻቸው በአህያ ስንቅ ሲያመጡላቸው ግቢው በሶ በሶ ይሸታል። ከእነሱ ጋር ሰኞ ማክሰኞ ስጫወት እውል ነበር። ማከራየት ደስ የሚል ሥራ ይመስለኝ ነበር፤ ምን አውቄ።

ለዚያ ሁሉ ሰው የነበረው ሽንት ቤት አንድ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል ሞላ። አባቴ ከጓሮው ጥግ ሌላ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ እስከዚህ ጥሩ። አሮጌውን ግን አመድና አፈር ሞላበት፣ ባሕር ዛፍ ረበረበበትና በላዩ ላይ ሰባተኛ ክፍል ሠራበት። ቦታው ባዶውን ከሚቀር ብሎ ነው። እናቴ "ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ሰው እኮ ነው የሚተኛበት" ብትለው "ይደርቃል፤ ትንሽ ቢቆይ ሽታውም አይኖርም" አላት።

ተከራይ ሊያይ በመጣ ቁጥር ቀድሜ ገብቼ ክፍሏን በወይራ ጭስ የማጥነው እኔ ነበርኩ፤ የወተት ዕቃ እንደሚታጠነው ማለት ነው። አንድ ቀን የሺ የምትባል የጉና ልጅ ከባሏ ጋር መጣች። በሩ ላይ ቆማ አሸተተችና "እንዴት ደስ ይላል፣ የእናቴን ቤት ቤት ይላል" አለች። ሆዷ ገፍቷል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ማንም ማከራየት አይወድም፤ ልጅ ያለቅሳል፣ ውኃ ይፈጃሉ ይላሉ። ስንት ግቢ መልሷት ስለነበር አባቴ እሺ ሲላት እጁን ልትስም ጎንበስ አለች።

ሐምሌ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ዝናቡ ሲወርድ ይውላል፣ ጉድጓዱም ከሥር ውኃ እየጠጣ ወለሉን ያረጥበው ጀመር። ሽታውን ምን ብዬ ልንገራችሁ። እናቴ ገንፎ አስይዛ ስትልከኝ አስቀምጬ አፌን ይዤ ነው የምወጣው። አራስ ሊጠይቁ የመጡ ሴቶች አንዴ መጥተው አልደገሙም። ባሏም ሥራ አመሸኝ እያለ ጓደኛው ዘንድ ማደር ጀመረ።

የሺ ግን ስለ ቤቱ አንድ ቀን እንኳ አላጉረመረመችም። ሽታው ከእሷ የሚወጣ መስሏት ነበር። ምጡ ክፉኛ ጠንቶባት ስለነበር፣ ሰውነቷ ውስጥ አንድ ነገር የተበላሸ መሰላት። በዚያ ብርድ በቀን ሦስቴ አራቴ ትታጠባለች፣ ጨርቋን ደጋግማ ትቀቅላለች። እኔ ስገባ ጥግ ትይዝና "አትጠጊኝ ሆዴ፣ ልብስሽ ላይ ያርፋል" ትለኛለች።

ለአባቴ ነገርኩት። "የሺ እኮ እኔ ነኝ የምሸተው ብላ ታለቅሳለች" አልኩት። ምሳ እየበላ ነበር። "እንዲያ ከመሰላት ተያት። ነግረሻት ለሰፈሩ ብታወራ ማን ይከራየናል?" አለና እንጀራውን ጠቅልሎ ጎረሰ። አባቴን የተጸየፍኩት ያን ጊዜ ነው። እናቴም ለየሺ አልነገረቻትም። እኔም አልነገርኳት። ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ልናገር ብል ግን አፌን የሚይዘኝ አልነበረም።

ነሐሴ ሲያልቅ ባሏ ወደ እናትሽ ሂጂ አላት። ገና ክርስትና ያልተነሳች ልጇን አዝላ በራችን ላይ ቆመች። "ጋሼ፣ ቤትዎን አበላሸሁብዎ፤ ስለ እግዜር ብለው ይቅር ይበሉኝ" አለችው። አባቴ "ግድ የለም፣ እግዜር ይማርሽ" አላት። እሱ ይቅር ባይ ሆነና አረፈው።

ዛሬ ግቢው የእኔ ነው። ዓረብ አገር ሠርቼ ባመጣሁት ያቺን ክፍል አፍርሼ፣ ሌሎቹን በብሎኬት ሠርቼ፣ ለእያንዳንዱ የየራሱን ሽንት ቤት አወጣሁለት። ተከራዮቼ ቧንቧ ተዘጋ፣ ጣሪያ አፈሰሰ እያሉ ያደርቁኛል። ደላላው "ዝም ብትያቸው ይለምዱታል" ሲለኝ ፊቱን ማየት ያስጠላኛል። የዛሬ ተከራይ ሲከፋው ይሳደባል፤ ይሳደብ፣ እሰየው። የሺ አንድ ቀን ሰድባን ቢሆን ኖሮ ምንኛ በወደድኩ። ከጉና የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ እሷ እጠይቃለሁ፤ የሚያውቃት አላገኘሁም። ሽታው የእኛ እንጂ የእሷ እንዳልነበረ እስከ ዛሬ የነገራት የለም።