እትዬ መቀስ ሲሠለጥኑ

«እትዬ መቀስ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ለመቀሳቸው ይሁን ለምላሳቸው ግን እስከ ዛሬ አልተጣራም። በልጅነታቸው አንድ እግራቸው ሰልሎ በክራንች ነው የሚሄዱት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ለአንድ ልብስ ነጋዴ ሰፍተዋል። «እጅህ ይባረክ» የሚባለው ግን ነጋዴው ነው፤ መርፌ ነክቶ የማያውቀው ሰውዬ! እሳቸውም እልህ ቢይዛቸው ከሰፉት ልብስ ሁሉ ኮሌታ ሥር በቀይ ክር አንዲት መስቀልኛ ስፌት ጣል ማድረግ ጀመሩ። ያቺን ማንም አያያትም።

ታዲያ አንድ ቀን የከተማው ኮሌጅና አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ተጋብተው ለአካል ጉዳተኞች የሙያ ሥልጠና ከፈቱ። በስፌት አንደኛ የወጣ ሰው በኮሌጁ ስፌት ክፍል በቋሚነት ይቀጠራል ተባለ። እትዬ መቀስ ይህን ሲሰሙ ልባቸው ቆመ። በገዛ ስማቸው የሚሰፉበት ቦታ! ሌላ ምንም አልፈለጉም።

መዝጋቢው ክራንቹን አየና «ሙያ» ከሚለው ፊት ለፊት «የላትም» ብሎ ጻፈ። አልጠየቃቸውም እኮ! እትዬ መቀስም ሥራው ከሚያመልጣቸው ሆድ ይፍጀው ብለው ዋጡት።

ወይ ሥልጠና! የመጀመሪያው ሳምንት «በራስ መተማመን» ነበር። ሁለተኛው ሳምንት እጅ አስታጠቧቸው። በአምስተኛው ሳምንት በስንት መከራ መርፌ መጣ። አሠልጣኟ «ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እንዲህ እናስገባለን» እያለች ሦስቴ ሳተችው። እትዬ መቀስ ተቀበሏትና ወዲያ እያዩ ሹልክ አደረጉት።

«አያችሁ?» አለች እያጨበጨበች። «ሥልጠና ሰውን ሲለውጥ!»

«አዬ ልጄ፣ ተለወጥኩልሽ» አሉ እትዬ መቀስ።

አንደኛ ወጡ። ባይወጡ ነበር የሚገርመው። የምረቃው ቀን የድርጅቱ አስተባባሪ መድረክ ላይ የሚያነቡትን ንግግር ራሱ ጽፎ አመጣላቸው፤ «ከዚህ ቀደም መርፌ መያዝ እንኳ አልችልም ነበር» ይላል። ደማቸው ፈላ። ቀና ሲሉ የኮሌጁ ዲን ጥቁር ገዋን ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል። ገዋኑን ያውቁታል። የኮሌጁ ስፌት ክፍል ልብስ ሰፊ ስላልነበረው የታዘዘው ነጋዴው ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ጎንበስ ብለው ሰማንያውንም ገዋን የሰፉት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጉ። «ጌታዬ፣ እስቲ ኮሌታዎን ገልበጥ ያድርጉት።»

ዲኑ ግራ ገብቶት ገለበጠው። ቀይ ክር። አጠገቡ ያለው መምህርም የራሱን ገለበጠ፤ ቀይ ክር። አዳራሹ ሙሉ ምሁር አንገቱን ሲፈትሽ ማየት ነው!

«እኔ ነኝ የሰፋሁት» አሉ። «መርፌ ከያዝኩ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው።»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። አስተባባሪው እየሮጠ መጥቶ በጆሯቸው «ምነው እናታችን፣ ጉድ ሠሩን እኮ! ሥልጠናው ሙያ ለሌለው ነው። ሙያ ካለዎት አይቆጠርልዎትም። ሥራው ደግሞ ለሠለጠነ ሰው ነው» አላቸው። ዓይኑን በጨው አጥቦ!

እትዬ መቀስ አልተቆጡም፤ ያ ነው የሚያስፈራው። «ጆሮዬ ላይ የተነገረኝን ልንገራችሁ» አሉ በማይክሮፎኑ። «ሥራው ለሠለጠነ ነው፤ እኔ ደግሞ ሙያ ስላለኝ አልሠለጠንኩም ተብያለሁ። እንግዲያው የለበሳችሁት ያልሠለጠነ ሰው የሰፋው ነው። አውልቁት።»

ሳቁ ቆመ። ዲኑ ደንግጦ አንድ እጁን ከገዋኑ አወጣና ሌላውን ያውጣ ይተወው ጠፋው። ፎቶ አንሺው ሲያነሳው ጊዜ ላብ በላብ ሆኖ «ሰኞ ሥራ ይግቡ!» አለ።

ሰኞ ሄዱ። ሥልጠናው አዳራሹ ውስጥ ስለነበር አላዩትም እንጂ የስፌት ክፍሉ ለካ ሦስተኛ ፎቅ ነው። አካል ጉዳተኛ ያሠለጠነው ኮሌጅ ሊፍት የለውም! እትዬ መቀስ ደረጃው ሥር ቆመው ወደ ላይ አንጋጠጡና «እኔ አልወጣም፤ የስፌት መኪናውን አውርዱት!» ብለው ጮኹ።

ወረደ። ዛሬ ኮሌጁ መግቢያ ላይ፣ ሁሉም በሚያልፍበት ቦታ ነው የሚሰፉት። ቀዩን ክርም ከኮሌታው ሥር አውጥተው ከላይ አድርገውታል።