የእናቴ እንቅልፍና ባለ ሁለት ድምፁ ሰው

ባለፈው ሳምንት ኮሌጅ የምትማረው ልጄ ከባሕር ዳር መጥታ የጆሮ ማዳመጫ አመጣችልኝ። እንቅልፍ ከራቀኝ ከርሟል። ሐኪሙም «ሐሳብ ይቀንሱ» ብሎ ሸኝቶኛል፤ ሐሳብ እንደ ጨው የሚቀነስ ይመስል። «አባዬ፣ ይኸን እየሰሙ ጋደም ይበሉ፤ ሰውነት ያፍታታል» አለችኝ። ሰካሁት። መጀመሪያ አንድ ወፍራም ጉርምርምታ መጣ፤ ቀጥሎ ከዚያው ጉሮሮ ቀጭን ፉጨት ተነሣ። ከአልጋዬ ብድግ አልሁ።

«ማነው ይኼ ሰውዬ? ምን ፈልጎ ነው?»

«ኧረ አባዬ! ምን ይፈልጋል? እያዜመ እኮ ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

እሷ ምን ታውቃለች። ያንን ድምፅ እኔ ገና ሃያ ዓመቴ ሳለሁ፣ ፍኖተ ሰላም ገብቼ መኖር ሳልጀምር፣ ከማንኩሳ ወረድ ብሎ ባለው መንደራችን ሰምቼዋለሁ።

አባቴ የሞተ ዓመት እናቴ እንቅልፍ አጣች። ቀን ስትሠራ ትውላለች፤ ሲመሽ ዓይኗ ፈጦ ይቀራል። ሁለት ሱባዔ ጠበል ገባች፤ የጎረቤት ሴቶች ያላዘዙላት ቅጠልም የለ። እያደር ነገር መርሳት ጀመረች። ወጡ ላይ ሁለቴ ጨው ትጨምራለች፤ እኔን ጌታነህን በአባቴ ስም ትጠራኛለች። አባቴን ቀብሬ ሳልጨርስ እናቴን በቁሟ እያጣኋት ነበር።

የኔሰው የመጣው በዚህ መሀል ነው። የጎረቤታችን የአያ በላይ የወንድም ልጅ ነው። ዲቁና ተቀብሎ ዜማ ሲማር ቆይቶ አቋረጠና አዲስ አበባ ገባ። እዚያ በተቀጠረበት የእንግዳ ማረፊያ፣ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ አንድ ሰው ከአንድ ጉሮሮ ሁለት ድምፅ ማውጣት አስተማረው። ታች እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል፤ ላይ እንደ ዋሽንት ይወጣል። የሰውነትን ኃይል ያስተካክላል፣ የተጨነቀን ያሳርፋል እያለ ያወራል።

«መብራት ባልገባበት አገር የምን ኃይል ነው?» አልሁት።

«ስሙን ተወው፤ ያስተማረኝ ሰው ነው እንዲያ የሚለው። እማማ ጥሩወርቅ ይሞክሩት፤ ካልተስማማቸው ይቀራል። ዋጋም አልፈልግ።»

ዋጋ አልፈልግ ማለቱ ነው ያልጣመኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። የአያ በላይ መሬት ከእኛ መሬት ይዋሰናል፤ ማረሻው በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም ወደ እኛ ይገባል። እንግዲህ ባሏ የሞተባትን እናቴን የአያ በላይ የወንድም ልጅ መጥቶ በነፃ ላስተኛት ሲል፣ ምን ብዬ ልመን?

የመጀመሪያው ቀን «አፍህን ክፈት» አልሁት። ፉጨት የሚያወጣ ነገር ከምላሱ ሥር የደበቀ መስሎኝ ነበር። እየሳቀ ከፈተ። በሬ እንደሚገዛ ሰው ጥርሱን አየሁ፤ ምላሱን አስነሣሁት። ምንም የለም። እናቴ «አቤት ውርደት! ምነው ልጄ?» ብላ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

እሷ መደቡ ላይ ጋደም አለች፤ እሱ በራስጌዋ ዱካ ላይ ተቀምጦ ጀመረ። ድምፁ ደረቴ ውስጥ ሲገባ ይሰማኝ ነበር፤ እልህ ይዞኝ እንጂ ደስም ይል ነበር። ብዙም ሳይቆይ እናቴ ማንኮራፋት ጀመረች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያልሰማሁት ማንኮራፋት! እልል ማለት ሲገባኝ ብርድ ብርድ አለኝ። ሰውን እንዲህ በቀላሉ የሚያስተኛ፣ ከተኛች በኋላ ምን አያደርግ? የመሬታችን ደብተር ሣጥን ውስጥ ነው። እናቴ መጻፍ አታውቅም፤ ፊርማዋ አውራ ጣቷ ነው። የተኛ ጣት ደግሞ እምቢ አይልም። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ እሱ በመጣ ቁጥር በር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። የእናቴ ፊት መለስ አለ፤ ወጡም ጣመ። እኔ ግን እጁን እንጂ ፊቷን አላይም ነበር።

ኅዳር ላይ ነው። የበርበሬው መድረቂያ ጊዜ ስለሆነ መንደሩ ሁሉ ያስነጥሳል። የገበያ ቀን ነበርና በርበሬ በአህያ ጭኜ ፍኖተ ሰላም ሄድሁ። ከሰዓት ስመለስ እናቴ መደቡ ላይ ተኝታለች። የኔሰው አዚሞላት ሄዷል። እጇ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል፤ አውራ ጣቷ ሐምራዊ ነው። የማኅተም ቀለም!

ሣጥኑን ከፈትሁ። ደብተሩ የለም።

ልቀስቅሳት ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ እንቅልፏ አሳሳኝ። ምነው እጄን ባልመለስሁት! ዱላዬን ይዤ ወደ አያ በላይ ቤት ሮጥሁ። የማርያም ጽዋ ነበር፤ ቄሱ ሳይቀሩ መንደርተኛው ተሰብስቧል። የኔሰው ጠላ እየቀዳ ሽማግሌዎችን ያስተናግዳል። ኮቱን ይዤ «ደብተሩን አምጣ፣ ሌባ!» አልሁት።

«የምን ደብተር?»

ኪሱን በሰው ፊት ገለበጥሁት። የወጣው ለጉሮሮው የሚያኝከው ዝንጅብል ብቻ ነው። አያ በላይ ዋንጫውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የኔሰው አልገፈተረኝም፤ «እናትህን ጠይቃት» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ጩኸቱ ቀስቅሷት ኖሮ እናቴ በባዶ እግሯ ደረሰች።

«ደብተሩ ቀበሌ ነው» አለች። «ዛሬ ጠዋት እኔው ወስጄ፣ ዓይኔን ገልጬ ነው የፈረምሁት። ከእኔ በኋላ መሬቱ የማን ይሁን ሲሉኝ ያንተን ስም አስጻፍሁ። እንቅልፍ ካገኘሁ ወዲህ ራሴ ጠራልኝና ነው ይኸን ያሰብሁት። ጣቴን ከምትመረምር እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት፣ ልጄ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔ ጎርጉሬ ያወጣሁት የገዛ ነውሬን ነው።

በማግስቱ ሽማግሌ ይዤ፣ ድንጋይ ተሸክሜ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ድንጋዩን ከትከሻዬ አነሣልኝ፤ አያ በላይም «ይቅር ለእግዜር» አለ። ግን «ለእማዬ አንድ ቀን እንኳ ድገምላት» ስለው የኔሰው ራሱን ነቀነቀ። «አፌን ስታስከፍተኝ ስቄ አልፌዋለሁ። ኪሴን በሰው ፊት ከገለበጥህ ወዲህ ግን ለእናንተ ቤት ድምፄ አይወጣልኝም፤ ማታ እናትህን አስቤ ሞክሬዋለሁ።» በሳምንቱ በፍኖተ ሰላም በኩል አድርጎ አዲስ አበባ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

እናቴ ብዙ ዓመት ኖረች፤ እንዲያ ተኝታ ግን አላየኋትም። እኔ እንኳ ከብቶቹ በረት ገብቼ ልለማመድ ሞክሬ ነበር፤ ሳል ብቻ ወጣኝ። ሰምታኝ ኖሮ «ተወው፣ ላሚቱን ታስደነግጣታለህ» ብላ ሳቀች። አንዳንዴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ለራሷ ስታጉረመርም እሰማት ነበር። ቀጭኑ አልመጣላትም። ያስጻፈችልኝን መሬት ዛሬም አርሰዋለሁ። ቡቃያው ሲያምር እንኳ ያ ሐምራዊ ጣት ይታየኛል።

ኃይል የሚሉትን ነገር አሁንም አላምንበትም። እናቴ መተኛቷን ግን አይቻለሁ፤ ያየሁትን ደግሞ አልክድም።

ትናንት ከምሳ በኋላ ማዳመጫውን መልሼ ሰካሁት። ሰውዬው ማጉረምረም ሲጀምር ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አላስታውስም። ልጄ ስትቀሰቅሰኝ ጀንበር አዘቅዝቃለች።

«አባዬ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተኙ እኮ! እጅዎን ግን ምን ሆነው ነው?»

ብመለከት፣ ቀኝ እጄ ደረቴ ላይ ጥብቅ ብሎ ተጨብጧል። አውራ ጣቴን ውስጥ ደብቄ ነው የተኛሁት። እማዬ ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር።