በእኔ አፍ ሲናገር የነበረው ባሌ

ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ገና ካርቱም ሳለን፣ ባለቤቴን የአንጀት ካንሰር ያዘው። እሱ ጋራዥ ይሠራ ነበር፤ ዓረብኛው የቡሎንና የጎማ ዓረብኛ ነው። እኔ ግን ሳውዲ፣ አል-ጣኢፍ ውስጥ ለዓመታት ሰው ቤት ስለሠራሁ አፌን ፈትቻለሁ። ስለዚህ ሐኪም ፊት የሚቀርበው እኔን ይዞ፣ የሚናገረውም በእኔ አፍ ነበር።

ሐኪሙ «ሰረጣን» ሲል ቃሉ ካንሰር ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር።

«ምን አለ?» አለኝ ባለቤቴ።

«ቁስል ነው። ቆርጠው ያወጡታል።»

የዋሸሁት አልመሰለኝም። ክፉ ወሬ ለታማሚ ፊት ለፊት አይነገርም፤ እንደዚያ ተብለን ነው ያደግነው። ቀዶ ጥገናው አልፎ መድኃኒቱን በደም ሥሩ መውሰድ ሲጀምርም «ቁስሉን የሚያደርቅ ነው» አልኩት። ቤት ስንገባ ስለ ጎረቤትና ስለ ሙቀቱ እለፈልፋለሁ፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ምግቡ አላስደሰተው ይሆናል እያልኩ ወጥ እቀያይራለሁ።

አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ አንዲት ነርስ አየችኝ። አባቷ ሱዳናዊ፣ እናቷ የእኛ አገር ሰው ናት፤ እዚያው ካርቱም ተወልዳ ያደገች ልጅ። እሷ ናት ታማሚዎችን ከነባለቤቶቻቸው ወደምታነጋግር የሥነ ልቦና ባለሙያ የወሰደችን። ሁሉም ሰው «ዶክቶራ» ይላታል።

ዶክቶራ እንዴት ከርመሃል ብላ በዓረብኛ ጠየቀችው። እሱ በአማርኛ ብዙ ተናገረ፦ እንቅልፍ የለኝም፣ የምበላው ሁሉ ብረት ብረት ይለኛል፣ ይቺ ሴት ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቃት ስል ተነስታ ዕቃ ታጥባለች አለ።

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ ይላል» ብዬ አስተረጎምኩ።

ዶክቶራ ፈገግ አለች። «ይሄን ሁሉ ተናግሮ? ማዓሌሽ፣ አይክፋሽ እህቴ፣ ዛሬ ሚስቱ ብቻ ሁኚ» አለችና ነርሷን አስጠራች።

የልጅቷ አማርኛ የተሰባበረ ነው፤ ማለሳለስ የሚባል ነገር አያውቅም። ዓይኑን እያየች፣ «ዶክቶራ ትላለች፣ አንቺ ካንሰር እንዳለህ ታውቂያለህ?» አለችው።

ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። እሱ ግን «አንቺ» መባሉ አስቆት ኖሯል፤ በእጁ አፉን ሸፈነ። ከዚያ «አውቃለሁ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩት እኔ ራሴ።

«ሐኪሙ ሰረጣን ካለበት ቀን ጀምሮ። በማግስቱ ጋራዥ ገብቼ አለቃዬን ጠየቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ያን ያህል ተጠንቅቀሽ ስትደብቂኝ፣ ዐውቄዋለሁ ብልሽ ልፋትሽ ሜዳ ላይ ይቀራል ብዬ ነዋ።»

ተናደድኩ። ለብቻዬ ስንት ወር እንዳለቀስኩ እየቆጠርኩ ጮህኩበት፤ እሱም መለሰልኝ። ነርሷ መተርጎሙን ትታ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ታያለች። ዶክቶራ አላስቆመችንም። ስንደክም ውኃ ሰጠችንና ሥራ አዘዘችን፦ በየቀኑ አመሻሽ ላይ አንዳችን አንድ ጥያቄ እንድንጠይቅ፣ ሌላው እውነቱን እንዲመልስ፤ ካልቻለ «ዛሬ አይሆንም» እንዲል። ሐኪሙ ዘንድ ስንገባም ከዚያ ወዲያ የምታስተረጉመው ነርሷ ሆነች።

የመጀመሪያውን ጥያቄ እሱ ጠየቀ። «ከሞትኩ አገር ትገቢያለሽ ወይስ እዚህ ትቀሪያለሽ?»

«ዛሬ አይሆንም» አልኩት። «እሺ» አለ።

በማግስቱ በር ላይ ተቀምጠን ሳለ «አላውቅም» አልኩት፣ ሳይጠይቀኝ። «ቤቱን ያላንተ ሳስበው ሐሳቤ ይቆማል።»

«እኔም እሱ ነው የሚያስፈራኝ» አለና አለቀሰ። ባሌን ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። አባብዬ ዝም ላሰኘው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት፤ አብሬው አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር አልቀለለም። ከበፊቱ ይልቅ እንጣላ ነበር። ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛቱን ተወ፤ ሲያመው «አመመኝ» ይላል፣ እኔም ስፈራ ፈራሁ እላለሁ። መድኃኒቱን ጨረሰ። ጦርነቱ ከካርቱም ሲያስወጣን ምርመራው ንጹሕ ነበር፤ እስካሁንም ደህና ነው።

ባለፈው ወር ውጤት ሊቀበል ሳይነግረኝ ብቻውን ሄደ። እንዳልጨነቅ ነው አሉ! ሁለት ቀን አኮረፍኩት።