ከግድግዳው ማዶ ያለው ቤተሰብ

የታሰርኩት ስለተናገርኩ አይደለም። ዝም ስላልኩ ነው።

ያኔ ቦምቤ ከተማ የሂሳብ አስተማሪ ነበርኩ። በአዲሶቹ የመማሪያ መጻሕፍት ቋንቋ ምክንያት ዞኑ በሙሉ የታመሰበት ሰሞን ነው። አስተማሪዎችን አዳራሽ ሰብስበው፣ እያንዳንዳችን እየተነሳን አቋማችንን እንድንናገር አዘዙን። አንዳንዱ ደገፈ፤ አንዳንዱ እያለሳለሰ ተቃወመ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ተነሳሁ፤ አፌንም ከፈትኩ። ከስልሳ ሰው ፊት ቆሜ ቃል ወጥቶኝ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልወጣ አለኝ። መድረኩ ላይ የተቀመጠው ሰው ቀና ብሎ አየኝና ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ መጥተው ከክፍል ወሰዱኝ። ጠመኔው እጄ ውስጥ ነበር። ሶዶ ደርሰን ከጫኑኝ ፒክአፕ ስወርድ ነው ልብ ያልኩት።

"ከዝምታህ ጀርባ ማን አለ?" አለኝ መርማሪው።

"ማንም የለም።"

"ስልሳ ሰው ሲናገር አንድ ሰው ዝም የሚለው በምክንያት ነው።"

ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርኩ፣ እንግዳ ሲመጣ ከጓሯችን እንሰት መሃል ገብቼ እደበቅ ነበር ብለው ማን ያምነኛል? አልነገርኩትም። እሱም ዝም ማለቴን ጻፈ።

መጀመሪያ ያስገቡኝ ትልቁ ክፍል ነው። ከአርባ ሰው በላይ ነበርን፤ የምንተኛው በጎናችን ነበር፤ አንዱ ሲገላበጥ መደዳው በሙሉ ይገላበጣል። እስረኞቹ ደግ ሰዎች ነበሩ። ከቤት የመጣውን ያካፍላሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ይዘፍናሉ። "ተጫወት እንጂ መምህር!" ይሉኛል። ልጫወት እሞክራለሁ፤ ሁለት ቃል ተናግሬ ያልቅብኛል። በአራተኛው ቀን ከሃላሌ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ እኔ እየሰማሁ፣ ለጎረቤታቸው "ይሄ ሰውዬ ጆሮ ነው" አሉት። ከዚያ ወዲህ ስጠጋቸው ወሬ ይቆማል። አልፈረድኩባቸውም። እኔን ያደከመኝ ጥርጣሬያቸው አልነበረም፤ ዓይኔን በገለጥኩ ቁጥር የሰው ፊት ማየቴ ነው። ጠዋት ስነሳ ገበያ ውዬ የመጣሁ ያህል ዝያለሁ።

ሁለተኛው ምርመራ ላይም የሚጻፍ ነገር ስላልሰጠሁ ለብቻዬ ዘጉብኝ።

ቦታው የግቢው ጥግ ላይ ያለ የድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነው። በጭቃ ግድግዳ ከፋፍለውት ጠባብ ጠባብ ክፍሎች ሆኗል። ማዳበሪያው ከወጣ ስንት ዓመቱ፣ ሽታው ግን አሁንም አፍንጫ ያቃጥላል። መስኮት የለውም። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ጉም በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት እየገባ ይንሳፈፋል፤ እኩለ ቀን ላይ እንኳ እጄን የማየው እንደ ጥላ ነው። በሩ ተዘጋ፤ የዘጋው ሰው ኮቴ ራቀ።

እስከ ዛሬ ስናገረው የማፍርበት ነገር ይህ ነው፤ ደስ አለኝ። መሬቱ ላይ ተቀመጥኩና ትከሻዬ ቀስ እያለ ሲወርድ ተሰማኝ። ያሰሩኝ ሰዎች ሳያውቁ ከሳምንት በላይ ስመኘው የነበረውን ነገር ሰጡኝ።

ድምፆቹን የሰማሁት በማግስቱ ጠዋት ነው።

"ሚጡ፣ ዳቦሽን ጨርሺ" አለ አንድ ጎልማሳ ሰው ከግድግዳው ማዶ።

"ጠገብኩ!" አለች ትንሽ ልጅ።

"ውሸቷን ነው፤ ከረሜላ በልታ ነው" አለች አንዲት ሴት። አንዲት አሮጊት ሳሉና "ልጄን ተዉልኝ" አሉ። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ሰውየው ድምፁን ከፍ አድርጎ "ትልቋስ? አንቺ ምነው ዝም አልሽ? ተናገሪ እንጂ!" አለ።

ትልቋ የተባለችው አልመለሰችም። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁርሳቸውን ቀጠሉ።

ቤተሰብ ከነልጆቹ አስረዋል ብዬ ደሜ ፈላ። ቀን ሰውየው ሱቅ ይከፍታል፤ ልጆቹን ለማጫወት መስሎኝ ነበር፤ ደብተር፣ እስክሪብቶና ወረቀት ይሸጣል፤ ደንበኞች ይገባሉ፣ ይከራከሩታል፣ ስቀው ይወጣሉ። አንዳንዱን በአማርኛ፣ አንዳንዱን በወላይትኛ፣ ከስልጤ የመጡ ዘመዶቹን ደግሞ በስልጢኛ ያነጋግራል። በሦስተኛው ቀን ሁሉንም እንደ ራሴ ዘመዶች ለየኋቸው። ሚጡ ምን እንደምትጠላ፣ አሮጊቷ መቼ እንደሚቆጡ አውቃለሁ። ማለዳ ማለዳ ትልቋ ትጠየቃለች፤ ማለዳ ማለዳ አትመልስም።

በአራተኛው ቀን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሁለት ሰው እኩል ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ልጅቷ ስትስቅ እናትየዋ ዝም ናት። አሮጊቷ ሲስሉ ሰውየው ዝም ነው። የሚሰማውም ኮቴ የአንድ ሰው ነው።

ምግብ የሚያመጣልኝን ፖሊስ ጠየቅኩት። የሶዶ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን። "ወንድሜ፣ እዚህ ጎን ያሉት ስንት ናቸው?"

"አንድ ሰው ነው።"

"ልጅቷስ? ሴትየዋስ?"

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። "አስተማሪ፣ አንድ ሰው ነው። ስከፍትለት ይነሳል። 'ግባ፣ እዚያ ጋ ቁጭ በል' ይለኛል። እዚያ ጋ ባዶ መሬት ነው። 'እሷ ላይ እንዳትቀመጥ' ይለኛል ደግሞ።" አማተበ። "እኔ ከእንግዲህ ምግቡን በበሩ ስር ነው የምገፋለት።"

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሚጡ ስትስቅ ሰማሁ። ያው ሳቅ ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሳቅ። ከጎልማሳ ሰው ጉሮሮ እንደሚወጣ ካወቅኩ በኋላ ግን ጆሮዬን መያዝ አማረኝ። ከዚያ ድምፁ ወደ እኔ ግድግዳ ዞረ፤ ምናልባት ዝም ብሎ መስሎኝ ይሆናል። "ምነው ዝም አልሽ?" አለ። እኔን የጠየቀ መሰለኝ፤ እዚህ መኖሬን የሚያውቅ መሰለኝ።

በስምንተኛው ቀን ቁርሱ እንደ ወትሮው ተጀመረ። ሚጡ ተቆጣች፤ አሮጊቷ ሳሉ። "ትልቋስ?" አለ። ጠበቀ። "ትልቋስ?" አለ እንደገና፣ ዝግ ብሎ። ሦስተኛው ሹክሹክታ ነበር። ከዚያ ምንም የለም። ሱቁ አልተከፈተም። ሚጡ አልመጣችም። እስኪመሽ አንድ ሳል እንኳ አልሰማሁም።

ዝምታን ከልጅነቴ ጀምሮ ኖሬበታለሁ። የሚያርፍ ሰው ዝምታ አለ፤ የሚያስብ ሰው ዝምታ አለ። ይሄኛው እንደዚያ አልነበረም። ሰዎች ዕቃቸውን ጭነው የለቀቁት ቤት ነበር የሚመስለው።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር። "ጎረቤትህ ቀኑን ሙሉ ያወራል አሉኝ። መጻሕፍቱን በመቃወም የተበተነው ወረቀት የተባዛበት ስቴንስል፣ ማባዣው፣ የተገዛው ከሱ ሱቅ ነው። ማን እንደገዛው ሲያወራ ሰምተሃል?"

ሰምቻለሁ። ገዢውን ከነስሙ ጠርቶ፣ ከነአነጋገሩ አስመስሎ ተጫውቶታል።

"ስሙን ንገረኝና ዛሬውኑ ቦምቤ ትገባለህ" አለኝ።

አዳራሹ ውስጥ ዝም ያልኩት ቃል ከድቶኝ ነው። ያን ቀን ግን ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ ዝምታዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ መረጥኩት። ጠበቀኝ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ማንኳኳት ጀመረ፤ ወንበሩን ገፋ፤ ወረቀቱን አገላበጠ። ዝም የተባለ ሰው ይጨንቀዋል፤ እኔ ለምጄዋለሁ፣ እሱ አልለመደውም። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልተርክም። ወደ ክፍሌ የተመለስኩት ተደግፌ ነው።

ፖሊሱ በሩን ሲዘጋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የሱ ምግብ ከትናንት ጀምሮ እንዳለ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል" አለኝ።

ጎኔን እያመመኝ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ። ምን ይባላል? ሰላምታ ማስቀደም፣ ማጽናናት፣ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን እነዚህን ነገሮች እኔ አላውቅም። የማውቀው ሲነገር የሰማሁትን ብቻ ነበር።

"ጋሼ" አልኩ። "ትልቋ ምን አለች?"

ጉሙ በክፍተቱ በኩል ይገባል።

"ጋሼ፣ ትልቋ ምን አለች?"

ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ እስከዚያ ቀን ሰምቼው የማላውቀው፣ የሻከረ፣ የደከመ ድምፅ ነበር። የራሱ ነበር።

"ማነህ?"

"ጎረቤትህ ነኝ። አስተማሪ ነኝ።"

"ሰው አለ እንዴ? ከመቼ ጀምሮ?"

"ዘጠኝ ቀኔ ነው።"

"ዘጠኝ ቀን! ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"እየሰማሁህ ነበር።"

ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየሁት ነገር ሰማሁ። ከዚያ ነገረኝ። ሰው በሌለበት መኖር አይችልም። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ሱቁ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያወራ ነው የኖረው። ብቻውን ሲዘጉበት በሁለተኛው ቀን ጣሪያው የሚወርድበት መሰለው፤ ስለዚህ ቤተሰቡን ጠራ። ሚስቱ መጣች፤ እናቱ መጡ፤ ሚጡ መጣች። "ትልቋ ልጄ ግን አልመጣ አለችኝ። ድምፅዋ ጠፋብኝ። አሥራ አራት ዓመት አንድ ቤት ኖረን ድምፅዋን አላውቀውም። ሁልጊዜ ተናገሪ እላታለሁ፤ እንግዳ ፊት እቆጣታለሁ። እዚያ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች፤ አፏ ይከፈታል፣ ድምፅ የለም። ትናንት ሌሎቹም እንደሷ ሆኑ።"

በሕይወቴ ረጅሙን ንግግር ያደረግኩት ያኔ ነው። ለጭቃ ግድግዳ ስለነበር ቀለለኝ። አባቴ እንግዳ ፊት ስለማልናገር ይገርፈኝ እንደነበር ነገርኩት። "ሰው ጠልቼ አልነበረም። አሁንም አልጠላም። ሰው ሲበዛብኝ ውስጤ ይደክማል፤ ለብቻዬ ስሆን ወደ ራሴ እመለሳለሁ። አንተን ብቸኝነት እንደሚያደርግህ እኔን ጫጫታ ያደርገኛል። ተናገር ሲሉኝ የነበረኝም ቃል ይጠፋል። ልጅህ የጎደላት ነገር የለም፤ አትጥራት። ዝም ብላ ስትሠራ ያየሃትን አስብ።"

ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ሰማሁት።

"ደብተሮቹን በየቀለማቸው ትደረድራለች" አለ። "ማንም አላዘዛትም።"

"እሺ።"

"ታምሜ ስተኛ ውሃ አስቀምጣ ትወጣለች። ስነቃ አላያትም።"

"እሺ።"

"አንድ ቀን በክረምት..." አለና ቆመ። ከዚያ በዝግታ፣ እንደሚጡም እንደ ማንም ባልሆነ፣ ዝቅ ባለ ጥርት ያለ ድምፅ "አባዬ፣ ጫማህ እርሷል፤ አውልቀው" አለ።

በክፍሉ ውስጥ ልጅቷ ያለች ያህል ነበር። እሱ ግን እያለቀሰ "እሷ ናት" ይላል። "እሷ ናት።" ትንሽ ቆይቶ ሳህኑን ሲጎትት ሰማሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት ፖሊሱ በሬን ከፈተ። አንድ ክፍል ስለተፈለገ ከሁለታችን አንዱ ወደ ትልቁ ክፍል ይመለሳል። "አስተማሪ፣ አንተ ጨዋ ነህ። ውጣ፤ ፀሐይ ትሞቃለህ፣ የቤት ምግብ ትበላለህ።"

"እሱን ውሰደው" አልኩት።

"አብደሃል? እሱ እኮ..."

"ሰው መሃል ሲገባ ይድናል። እሱን ውሰደው።"

ይህንን ሳወራ እንደ ጀግና የሚያዩኝ ሰዎች ያጋጥሙኛል። እውነቱን ልናገር፤ ፀሐዩ አምሮኝ ነበር፣ ትልቁ ክፍል ግን አላማረኝም። ሰጠሁ ከተባለው ነገር ግማሹን ለራሴ ነው ያስቀረሁት። ሆኖም ቅማሉም ጨለማውም ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ቆየ፤ አልተጸጸትኩም።

ሲያሳልፉት በበሩ ስንጥቅ አየሁት። በድምፁ ግዙፍ ሰው መስሎኝ ነበር፤ አጭር፣ ራሱ የተመለጠ ሰው ነው። የክፍሌ በር ላይ ቆመና በወላይትኛ "ሳሮ፣ መምህር" አለኝ። ሰላም ማለቱ ነው። ትልቁ ክፍል ሲከፈትለት የተነሳው ጫጫታ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ባሉት ጠዋቶች ከግድግዳው ማዶ የቤተሰቡን ቁርስ መጠበቄን አልደብቅም።

ስፈታ ወደ ማስተማር ተመለስኩ። በተማሪ ሰርተፍኬት ላይ "ተሳትፎ ይጎድላታል" ብዬ መጻፍ ተውኩ። እጃቸውን የማያወጡትን ልጆች መልሳቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ጠረጴዛዬ ላይ እንዲያስቀምጡ ፈቀድኩላቸው። ወረቀቶቹን ለብቻዬ ሳነብ የክፍሌን ግማሽ እስከዚያ ጊዜ እንዳላወቅኩት ገባኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ሶዶ ነው የምኖረው። ባለሱቁ በየጊዜው ይመጣል። ከምሳ በኋላ ይገባና ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ያወራል፤ እኔ እሰማለሁ። ባለፈው ሲመጣ ትልቋ ልጁ ከምትሠራበት ላቦራቶሪ ፈቃድ ወስዳ ቤት ሰንብታ እንደነበር አጫወተኝ። በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዝናቡን ሲያዩ ከሰዓቱ አለፈ። "ዝም አልኩ! እኔ! ታምናለህ?" አለ። "ከዚያ በራሷ ጊዜ አንድ ነገር ነገረችኝ።"

ምን እንዳለችው እስኪነግረኝ ጠበቅኩ። ሁሉንም ነገር የሚነግረኝ ሰው ነው። አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ራሱን ነቀነቀና ተወው። እኔም አልጠየቅኩትም። ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ተቀመጥን።

ሊሄድ ሲነሳ ባለቤቴን ጠርቶ "ባልሽ ዛሬ ደህና አድርጎ አጫወተኝ" አላት።