የሰነፏ ልጅ ተረትና የእኔ አንገት

ልጅ ሳለሁ ተረት እወድ ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሌላው ሰው የልጅነቱን ተረት ሲያነሳ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ እኔን ግን እስካሁን ያናድደኛል።

ያኔ የምንኖረው ለንደን ውስጥ አርችዌይ በሚባል ሰፈር፣ ሊፍቱ በየሳምንቱ የሚበላሽበት ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የእናቴ አጎት አባባ መርሻ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ግርግር በኋላ ጥገኝነት ጠይቀው መጥተው ሳሎናችን ውስጥ ይተኙ ነበር። እናቴ ከጽዳት ሥራዋ እስክትመለስ ትልቁን መብራት ያጠፉና፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ሽቦ እንደ ፍም እየቀላ፣ በጥግ መብራቷ ብርሃን እኔንና ታናሽ ወንድሜን ያቢን አስቀምጠው ተረት ያወሩልን ነበር። ማሞቂያው ላይ ያረፈው አቧራ ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሲያወሩ ደግሞ ይችሉበታል፤ ጅብ ሲሆኑ ያቢ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ግን ተረቱ ሁሉ ወደ አንዲት ልጅ ዞረ። ውኃ ቅጂ ስትባል «በረደኝ»፣ እንጨት ልቀሚ ስትባል «ደከመኝ» የምትል፣ በመጨረሻም ቤተሰቡ ሲሰደድ ተኝታ ቀርታ ጅብ የበላት ልጅ። ስም አላወጡላትም፤ ማንነቷ ግን ማንንም አልጠፋውም። ሰው ሁሉ በካናቴራ በሚሄድበት በሐምሌ ሙቀት እኔ አንገቴ ላይ ሻርፕ ጠምጥሜ ማሞቂያ ስር እቀመጥ ነበር። ከትምህርት ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ፀጉሬ በማበጠሪያው ይረግፋል፣ ምግብ ሳልጨምር ልብሴ ጠቦኛል። ያቢ «ሰነፏ መጣች!» ይላል። አባባ መርሻም ይስቁና «ስንፍና ሲጀምር እንዲህ ነው ልጄ፤ መጀመሪያ ይበርዳል» ይሉኛል። የሚያበሽቀኝ፣ አመንኳቸው። ጠዋት መነሳት ሲያቅተኝ ራሴን እሰድብ ነበር።

እናቴ ግን አላመነችም። አንድ ቀን ከሥራ ቀርታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። እንግሊዝኛዋ ለአውቶቡስና ለገበያ እንጂ ለሐኪም አይበቃም፤ ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ልጆች ከካውንስሉ፣ ከሰፈሩ አስተዳደር፣ የሚመጣውን ደብዳቤ የማነብበውም፣ የመብራቱን ሰዎች በስልክ የማነጋግረውም እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ በስልክ አስተርጓሚ ልጥራ ስትል እናቴ በኩራት ወደ እኔ ጠቆመች።

«ልጄ እንዲህ አልነበረችም በያት» አለችኝ። «የሆነ ነገር አሟታል። ሰነፍ አይደለችም። ደሟን ቼክ ታድርግልኝ በያት።»

ሐኪሟ እኔን እያየች ጠበቀች። አፈርኩ። እናቴ ስንፍናዬን ደብቃ የምትዋሽልኝ መሰለኝ። በእንግሊዝኛ «ሰነፍ ሆናብኛለች፣ ምከሪልኝ ትላለች» አልኩ። ሐኪሟ ፈገግ ብላ ስለ ስፖርትና በጊዜ ስለ መተኛት መከረችኝ። እናቴ የጠየቀችው የተፈጸመላት መስሏት ደጋግማ አመስግና ወጣች።

ዓመት ሙሉ እንዲያ እየተጎተትኩ ከረምኩ። በኋላ የትምህርት ቤታችን ነርስ ሻርፔን አስወልቃ አንገቴን ዳሰሰችና ወደ ሆስፒታል ላከችኝ። ደሜ ሲመረመር፣ በሽታ ሊከላከልልኝ የሚገባው የገዛ ሰውነቴ የታይሮይድ እጢዬን እየወጋ ኖሯል። አባባ መርሻ ያበጠውን አንገቴን አይተው «እንቅርት ነዋ! እኔ እኮ እንቅርት ከሩቅ ነው የማውቀው» አሉ። ከሩቅ! ዓመት ሙሉ ክንድ በማይሞላ ርቀት ፊት ለፊቴ ተቀምጠው! ከዚያ ደግሞ የጨው እጥረት ነው ብለው ሾርባዬ ላይ ጨው ይነሰንሱ ጀመር። የጨው ጉዳይ አይደለም ብል ማን ይስማኝ።

ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ መዋጥ ከጀመርኩ በኋላ ቀስ በቀስ ሰው ሆንኩ። አባባ መርሻ ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ የዚያችን ልጅ ተረት ግን ተዉት። በእሳቸው መናደዱስ ቀላል ነው፤ እድሜ ልኬን ስናደድባቸው ብኖር ደስ ባለኝ።

እናቴ አሁን ዊልስደን የሚባል ሌላ ሰፈር ነው የምትኖረው። ኪኒኔን ባየች ቁጥር «ያኔ ለሐኪሟ በደንብ ባስረዳት ኖሮ፣ በእኔ ቋንቋ አለማወቅ ዓመት ሙሉ ተሠቃየሽ» ትለኛለች። በደንብ ነበር ያስረዳችው። አንዲት ቃል አልጎደላትም። ይህን ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ «ተይው እማዬ፣ አልፏል» ብቻ ብዬ ዘጋሁት።