የኒላው ጋንና ያላነበብኩት መስመር

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚነገረው ለእኛ ሳይሆን ለጨርቁ ነበር። ሱዳን ድንበር ላይ ባለችው ገላባት፣ በክረምት ብቻ ከሚሞላው ወንዝ ከኾሩ ዳር፣ አያ ኑሩ የሚባሉ የጎንደር ሰው ጎረቤታችን ነበሩ፤ ሽርጥና የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ቶብ ሰማያዊ እየነከሩ የሚኖሩ። ሰዓት አልነበራቸውም። ጨርቁ የቀለሙ ጋን ውስጥ አንድ ተረት ያህል ይቆያል፤ ወጥቶ ገመድ ላይ ደግሞ ሌላ አንድ ተረት ያህል ነፋስ ያገኘዋል፤ ከዚያ ተመልሶ ይገባል። ጠቆር ያለ ሰማያዊ የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ እኛ የሰፈር ልጆች እንፈነድቅ ነበር፤ ስምንት ተረት ማለት ነዋ!

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጋኑ እንዳይበርደው ፍም ይደረደርለታል፣ ፋኖሱ ይለኮሳል። ሽታው፣ እውነቱን ልናገር፣ የሚያስጠላ ነበር፤ የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። ግን የግራሩ ጭስ ይሸፍነዋል፣ አያ ኑሩም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጀምሩ አፍንጫችንን እንረሳዋለን።

ነገሩን ላስረዳ፤ ማስረዳት አመሌ ነው። ኒላ፣ ያ ሰማያዊ ማቅለሚያ፣ እንዲሁ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። አያ ኑሩ በክረምት ከኾሩ ዳር የለቀሙትን ቅጠል ዘፍዝፈው፣ ደብድበው፣ ዝቃጩን አድርቀው ያስቀምጡታል። ከዚያ ከአመድ ውሃ፣ ከፉሽካና ከተምር ጋር ጋኑ ውስጥ ይጨምሩታል። ተምሩን የሚበሉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው፤ እነሱ የጋኑን ኦክስጅን ሲጨርሱት ኒላው ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ይሟሟል፣ ክሩ ውስጥም ይሰርጋል። ጨርቁ ሲወጣና አየር ሲያገኝ ዓይናችን እያየ ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ይዞራል። ያኔ ግን ጨርቁን የሚያዞረው ተረቱ ይመስለን ነበር። ኃይሉ ያለቀበትን ውሃ ሎሚያቸው አጠገብ ይደፉታል፤ ሎሚው ምንም አልሆነም፣ ያፈራል።

አንድ ቀን ከገዳሪፍ ከተማ የመጣ ነጋዴ ሁለት ከረጢት ጣለላቸው፤ አንዱ የፋብሪካ ኒላ፣ አንዱ ነጭ ዱቄት። አያ ኑሩ ማንበብ አይችሉም። እኔ የዐረብኛ ፊደል የለየሁት ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ ከሳሙናና ከሻይ ካርቶን ላይ ነው፤ በዚህም ሰፈሩን ሁሉ አሰልችቼ ነበር።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ነይ እስቲ አንብቢልኝ፤ የሰፈሩ ቃዲ አንቺ አይደለሽ?» አሉኝ።

ጉሮሮዬን ጠራርጌ ከዱቄቱ ከረጢት ላይ የላዩን ትልልቅ ፊደል አነበብኩ፤ ይህን ያህል ውሃ፣ ይህን ያህል ዱቄት፣ ቶሎ ይደርሳል። ከታች በቀይ የተጻፉ ደቃቅ ፊደሎች ነበሩ። አንድ ሁለት ቃል ለየሁ፤ ሌላውን አላወቅሁትም።

«ሌላስ?» አሉ።

«ኸላስ፣ ይኸው ነው።»

«ቀዩስ?»

«የፋብሪካው አድራሻ ነው፣ አያ።»

አላውቀውም ለማለት አፍሬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ያን ዕለት ማምሻ ዱቄቱን ጋኑ ውስጥ ጨምረው አዲስ ተረት ጀመሩልን። ድርቅ በገባበት አገር ሰዎች ጅብን የጉድጓድ ጠባቂ አድርገው ይቀጥሩታል፤ ደሞዙ ድንጋይ የማይወረወርበት መሆኑ ብቻ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ውሃው መሽተት ይጀምራል። ጅቡን በገመድ አስረው ያወርዱትና ከላይ ሆነው ይጣራሉ፤ «አያ ጅቦ፣ ምን ይታይሃል?» ይሉታል። እዚህ ላይ አያ ኑሩ ጨርቁን አነሡት። ደርሷል።

«ተረቱስ?» ብለን ጮኽን።

«ተረቱ ለጨርቁ ነው፤ ጨርቁ ደርሷል። ሂዱ፣ እናታችሁ ትፈልጋችኋለች!» ብለው ሳቁ።

ጨርቁ በዱቄቱ ቶሎ ስለሚደርስ ከዚያ ወዲህ ተረት ቀረ። ደንበኛ በዛ። የቀረውን ውሃ እንደ ልማዳቸው ሎሚው ሥር ደፉት፤ ቅጠሉ ከጠርዙ ጀምሮ ቢጫ ሆኖ ረገፈ። «አርጅቶ ነው» አሉና መድፊያቸውን ወደ ኾሩ አዞሩ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ኾሩ ውስጥ በቀረችው ኩሬ ትንንሾቹ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ፤ ቀጥሎ ጭቃ ውስጥ የሚከርመው አምባዛ ዓሣም እንዲሁ። የጎረቤታችን የእትዬ ሐሊማ ሁለት ፍየሎች ከዚያ ጠጥተው ሞቱ። መጨረሻ ላይ ሰፈሩ ሁሉ የሚቀዳበት፣ ከኾሩ አጠገብ የተቆፈረው ጉድጓድ የበሰበሰ እንቁላል መሽተት ጀመረ።

አንድ ጠዋት ሰው ተሰብስቦ የሞተ ነገር ገብቶ እንደሆነ ይታይ ተባለ። አያ ኑሩ «እኔ እወርዳለሁ» ብለው ገመዱን ወገባቸው ላይ አሰሩ። እትዬ ሐሊማ አጎንብሳ ተጣራች፤

«አያ ኑሩ፣ ምን ይታይዎታል?»

እኛ ልጆቹ እርስ በርስ ተያየን። ከታች ድምፃቸው መጣ።

«የእጄ ሥራ።»

ሲወጡ ማንም አልሰደባቸውም፤ ያ ይበልጥ ከበዳቸው መሰለኝ። እኔ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ገብቼ ተደበቅኩ። «አንብበሽልኝ አልነበር?» ብለው አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቁኝም። ጋኑን ራሳቸው በሙቀጫ ዘነዘና ሰበሩት፤ ሰዎች ጉድጓዱን በአፈር ሞሉት። በሳምንቱ አያ ኑሩ በጭነት መኪና ወደ ገዳሪፍ ሄዱ፤ ኋላ ጦርነቱ መጣና የት እንደወደቁ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

አሁን እዚሁ ሱዳን፣ በቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ በር ላይ ሻይ እሸጣለሁ፤ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ያ ነጭ ዱቄት ኦክስጅንን ባገኘበት ይነጥቃል፤ ጋን ውስጥ ቀለሙን ያሟሟል፣ ኾር ውስጥ ደግሞ የውሃውን እስትንፋስ ይወስዳል። አብሮት የሚጨመረው ሶዳ አፈሩን ያቃጥላል። ለካምፑ ልጆች የሚታደለው ጅንስም በዚሁ ኒላ የተነከረ ነው፤ ከአንድ ጋን ሳይሆን ወንዝ ከሚያህል ገንዳ። በዱቄቱ ፋንታ በስኳርም፣ በኤሌክትሪክም የሚነክሩ እንዳሉ፣ ውሃውን አጣርተው የሚመልሱም እንዳሉ አንብቤአለሁ። ለማን ልንገረው? ሰው ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። የእኛ ጉድጓድም አፈር ነው።

ቀዩን መስመር አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ «ከውሃ ምንጭና ከእርሻ መሬት ያርቁ» ይላል። አጭር ነው።

አመሻሽ ላይ የካምፑ ልጆች ምድጃዬን ከበው ተረት ይለምኑኛል። ሌላ ስለማላውቅ የጅቡን እነግራቸዋለሁ፣ ገመዱ እስኪወርድ ድረስ። «ጅቡስ ምን አየ?» ይሉኛል። ፍሙን እቆሰቁሳለሁ። ሁሉን ካላስረዳሁ የማልወድ እኔ፣ ጅቡ ያየውን ዛሬም አላስረዳኋቸውም።