ሟች የሌለበት የደንገጎ ለቅሶ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ ነው። ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ለሰው አላወራሁትም ነበር። አሁን ግን ዋናዋ ባለጉዳይ ራሷ በየደረሰችበት እያወራችው ነው። እሷ ጨማምራበት ሌላ ታሪክ ሳታደርገው፣ እኔ እንደነበረ ልጻፈው ብዬ ነው።

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ባለቤቴ መስፍን ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ እኔ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ከኛ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ የመስፍን አክስት እትዬ ንግሥት ትኖራለች። መስፍንን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ግን እኛ ድሬዎች አንቱታ አይሆንልንም፣ አንቺ ነው የምንላት። አንቱ ያላት ሰው ካለ የተቀየማት ነው የሚመስላት።

እትዬ ንግሥት፣ ምድር ባቡር ይሠራ የነበረው ባሏ ትቶላት ያለፈ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት አላት። ከጅግጅጋ ለሕክምና የመጣ፣ ከሐረር ለጉምሩክ ጉዳይ የወረደ፣ ከአዲስ አበባ ብርድ ሸሽቶ የመጣ ዘመድ ሁሉ የሚያርፈው እሷ ጋ ነው። ቤቱ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ቅዳሜና እሑድ እኛም እዚያው ነን። መስፍን የተበላሸ ቬንትሌተር ይጠግናል፣ እኔ ብርጭቆ አጥባለሁ። ማንም አያስገድደንም። ግን መቅረትም አይታሰብም።

ነገሩ የጀመረው መኪናዋን ከገዛን በኋላ ነው። የቤንዚን ሰልፍ አንገሽግሾን የኤሌክትሪክ መኪና ገዛን። ማታ ማታ ገመዱን በመስኮት አውጥተን እንሰካታለን። የሰፈራችን ባጃጅ ነጂዎች "ስልክ ነው ወይስ መኪና የገዛችሁት?" እያሉ ቀለዱብን። እኔም ከነሱ ጋር ሳቅሁ። መስፍን ግን ስልኩ ላይ መኪናቸው ውስጥ የሚያድሩ ሰዎችን ሲያይ ያመሽ ጀመር። የኋላው ወንበር ሲታጠፍ ፍራሽ ይይዛል። ሞተር ሳይጮህ፣ ጭስ ሳይኖር ኤሲው ሲሠራ ያድራል። ሻይ እንኳ ከመኪናዋ ላይ በተሰካ ማፍያ ይፈላል።

"አንድ ማታ ብቻ" አለኝ። "እኔና አንቺ፣ ብቻችንን።"

የድሬዳዋን ግንቦት የሚያውቅ ሰው ይፈርድልኛል። ሌሊቱን ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥተን፣ አንሶላውን ውሃ ውስጥ ነክረን ነው የምንተኛው። እሺ ለማለት ጊዜ አልፈጀብኝም።

ችግሩ ለእትዬ ንግሥት ምን እንደምንላት ነበር። በኛ ቤተሰብ መንገድ መሄድ ማለት ዘመድ ቤት ማረፍ ማለት ነው። አልጋ የሞላበት ቤት እያላት ሜዳ ላይ መኪና ውስጥ ልናድር ነው ብንላት፣ ቤቷን እንደናቅን ነው የምትቆጥረው። የሷን መቀየም ደግሞ መስፍን አይችለውም። አንዴ ተኮራርፈው ሦስት ቀን እህል አልበላም።

ስለዚህ ውሸቱን እኔ ፈጠርኩት። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ደወልኩላትና "እትዬ፣ ዛሬና ነገ አንመጣም፤ ለቅሶ አለብን" አልኳት።

"ውይ። የማን?"

"የመስፍን መሥሪያ ቤት ሰው ነው። እናቱ አረፉ። ደንገጎ ነው።"

"እግዜር ነፍሷን ይማር" ብላ ዘጋችው። በጣም ቀላል ሆነልኝ። ራሴን እያደነቅሁ ምስር ወጥና ዳቦ ቋጠርኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ልንወጣ ስንል ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። እትዬ ንግሥት ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጋቢዋን በፌስታል ይዛ ወረደች።

"የመስፍን መሥሪያ ቤት ሰው ማለት የኔ ሰው ነው" አለች። "ጥላችሁኝ ልትሄዱ ኖሯል?"

አገሩን የማያውቅ ሰው ካልሆነ በቀር ለቅሶ ብሎ አይዋሽም። ሠርግ ብል ካልተጠራች ትቀራለች፤ ስብሰባ ብል አያገባትም። ለቅሶ ግን ጥሪ የለውም። የሰማ ሁሉ ይሄዳል። እኔ እዚሁ ተወልጄ አድጌ ይህን እንዴት እንደረሳሁት እስካሁን አይገባኝም።

እሷ ፊት ተቀመጠች፤ እኔ ኋላ ፍራሹ ላይ በምግቡና በትራሱ መሃል ተቆራምጄ ተቀመጥሁ። መስፍን መኪናዋን አስነሳ።

"ተነሳ?" አለች፣ ምንም ስላልሰማች። መሄድ ስንጀምር በሩን አጥብቃ ያዘች። ከዚያ ዞር ብላ ፍራሹን አየችና "ለለቅሶ ቤት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ምግቡንም አየች። "እንዲህ ነው ሰው ማለት። እኔስ ብሞት የሚቀብረኝ አለኝ" ብላ መረቀችን። መስፍን በመስታወቱ አፈጠጠብኝ። ዓይኔን ወደ ውጭ አዞርኩ።

የደንገጎን ጥምዝምዝ መውጣት ስንጀምር ነፋሱ ቀዘቀዘ። እትዬ ንግሥት መስኮቱን ከፈተች። ከታች ከተማችን እያነሰች፣ አቧራ እየመሰለች ሄደች።

"ይህን መንገድ ስሄድበት ሁልጊዜ ወይ ለቅሶ ነው ወይ ቁልቢ" አለች። "እንዲህ ማማሩን አላየሁትም ነበር።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ግን ደንገጎ ስንደርስ ሻይ ቤት አስቀምጠን ቀስ ብለን እንነግራታለን ብዬ አሰብኩ።

ለካ መስፍን የማደሪያውን ቦታ አስቀድሞ ጨርሶታል። ደንገጎን ትንሽ እንዳለፍን አብዶሽ የሚባል ገበሬ አለ፤ ባለፈው ሳምንት መስፍን እሱ ጋ ቆሞ ከጫት ማሳው አጠገብ ያለችው ሜዳ ላይ እንዲያሳድረን ለምኖት ነበር። አብዶሽ ሰዓታችንን ጠብቆ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ይጠብቀናል። ለእትዬ ንግሥት ግን መንገድ ዳር ቆሞ ሰው የሚጠብቅ ሰው ሐዘንተኛ ነው። መኪናዋ በቅጡ ሳትቆም በሩን ከፍታ ወረደች።

"ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

አብዶሽ ደነገጠ። ግን ጨዋ ሰው ነው። አንዲት ሴትዮ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላ አዘቅዝቃ ስታለቅስ ምን ይበል? ክፉ ነገር ደርሶባት ነው ብሎ አሰበ። "ኢና ሊላሂ" ብሎ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገላት። ከዚያ እንባው መጣ። እሷ እሱን ታጽናናለች፣ እሱ እሷን ያጽናናል። እሷ በኦሮምኛ "አይዞህ፣ ሁላችንም ሟች ነን" ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ "አይዞሽ፣ አላህ ይተካልሻል" ይላታል። መስፍን መሪውን እንደያዘ ቀርቷል።

በመጨረሻ አብዶሽ ዓይኑን ጠርጎ "ማን ነው የሞተብሽ፣ እናቴ?" ብሎ ጠየቃት።

"የሞተብኝ? ያንተ እናት አይደለችም እንዴ?"

"የኔ እናት?" ብሎ ወደ ቤቱ ዞረ። አንዲት አሮጊት በሩ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ያዩናል። "ያቺውና።"

እትዬ ንግሥት ወደ አሮጊቷ አየች። ወደ መስፍን አየች። በመጨረሻ ወደኔ።

ከመኪናው ወርጄ ሁሉንም ነገርኳት። ውሸቱ የኔ እንደሆነ፣ መስፍን እንዳልነበረበት፣ አንድ ማታ ለብቻችን መሆን ፈልገን እንደነበር። ስናገር ማልቀስ ጀመርኩ፤ በቦታው እውነተኛ ሐዘን የነበረው እኔ ጋ ብቻ ነበር።

እትዬ ንግሥት ሄዳ ድንጋይ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች። አብዶሽ ሁለት ጊዜ እኛን፣ ሁለት ጊዜ እሷን አይቶ ወደ ቤቱ ሹልክ አለ። መስፍን ሄዶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

"ቤቴ ጠቧችሁ ነው?" ስትለው ሰማሁ። ድምጿ የተሰበረ ነበር።

"አይደለም እትዬ።"

"ታዲያ ምን አጎደልኩ?"

"ምንም። ቤቱ ሰው አያጣም፣ እኛ ደግሞ ደከመን" አላት። ከዚያ የማይጠበቅ ነገር ጨመረ። "አንቺስ አልደከመሽም?"

ፀሐይ ልትገባ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ይህን ጊዜ ስልኳ ጮኸ። ከጅግጅጋ መጥቶ ቤቷ ያረፈው ዘመዷ ነበር፤ ጮክ ብሎ ስለሚያወራ ሁላችንም ሰማነው። ስኳሩ የት ነው? ለእራትስ ምን ታስቧል? መቼ ትመለሻለሽ?

እትዬ ንግሥት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ቁልቁል ወደ ከተማው አየች። መብራቶቹ መብራት ጀምረዋል። ከዚያ የለቅሶ ድምጿን አወጣች።

"ለቅሶ ላይ ነኝ ወንድሜ" አለችው። "እዚሁ አድራለሁ። ስኳሩን ፈልጉት።"

ስልኩን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደኛ ዞረች። ፊቷ እንዳኮረፈ ነበር።

"አቦ ምን ታፈጣላችሁ? ሻይ የላችሁም?"

መስፍን ማፍያውን መኪናዋ ላይ ሰካ። ውሃው ሲፈላ ጎንበስ ብላ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ መረመረች። ባትሪው አልቆ እንዳንቀር ጠየቀች፤ አሁንም ከግማሽ በላይ እንዳለው አሳያት። ምስር ወጡን በዳቦ በላን። ቅዝቃዜው ሲመጣ እኔና መስፍን ያለን አንድ አንሶላ ብቻ መሆኑ ታወቀ። በድሬ ብርድ ልብስ ማን ያስታውሳል? ያዳነን ለለቅሶ ቤት የያዘችው ጋቢ ነው። እኔና እሷ ፍራሹ ላይ ተጋፍተን ተኛን፤ መስፍን የፊት ወንበሩን አዘንብሎ፣ ማሞቂያውን ትንሽ ከፍቶ አንሶላው ውስጥ ተጠቀለለ። ብቻችንን ልናድር የወጣን ሰዎች እንዲህ ሆነን አደርን።

ጠዋት እኔ ስነቃ ፀሐይ ወጥታለች፤ እትዬ ንግሥት አሁንም ተኝታለች። በሃያ ዓመት ትዳሬ ውስጥ ከሷ ቀድሜ ስነሳ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ቆይታ ዓይኗን ገለጠችና የመኪናውን ጣሪያ እያየች "ቁርስ ያለኝ ሰው የለም" አለች። እንደገና ጨፈነች።

ኋላ "የሞቱት" እናት ራሳቸው ወተት በጣሳ ይዘውልን መጡ። እትዬ ንግሥት ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ከልክለው አነሷት። ልጃቸው ነግሯቸው ኖሮ "የኔን ለቅሶ በቁሜ አየሁት፤ ጥሩ ነው የምታለቅሺው" አሏት። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ስንመለስ ቁልቁለት ስለሆነ የባትሪው ቁጥር እንደ መቀነስ ጨመረ። መስፍን እያሳያት ያስረዳታል። እሷ ግን ከተማው ሲቀርብ ታያለች። መልሳ እንዳትቀየም ፈራሁ።

ቤቷ ስንደርስ እንግዶቹ በረንዳው ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሏት። "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሏት ተራ በተራ። የጅግጅጋው ዘመዷ ወንበር አመጣላት። እኔ ውሸቴ ተከትሎን ገብቶ ሰው መሃል ሲቀመጥ እያየሁ መሬት ብትውጠኝ ተመኘሁ።

እትዬ ንግሥት አልተቀመጠችም። ነጠላዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችው።

"ማንም አልሞተም" አለች። "ከልጆቼ ጋር ተራራ ላይ አድሬ መጣሁ።"

"ለምን ጉዳይ?" አለ የጅግጅጋው።

"ለምንም። መሄድ አምሮኝ።"

ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ የስኳሩን ጣሳ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቦታውን ለሁሉም አሳየቻቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደማትኖር ነገረቻቸው።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ወጥተናል። ሐርላ የጥንቱ ፍርስራሽ ጋ አድረናል፤ አሁን እሷ የራሷ ፍራሽ አላት፣ እኛም ብርድ ልብስ ገዝተናል። እኔና መስፍን ብቻችንን የወጣነው አንዴ ነው፤ ያኔም ስለሷ ስናወራ አመሸን።

ውሸቱ እስካሁን ያሳፍረኛል፤ የአብዶሽ እንባ ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይቀላል። ግን አንድ ማታ እረፍት ለመውጣት ሰው መግደል ያስፈለገኝ የአርባ አንድ ዓመት ሴት እኔ ነኝ። እሷ በስድሳ ስምንት ዓመቷ አንድ ሌሊት ብቻ አድራ፣ ያንን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት እያየች መሄድ አምሮኝ ነው አለች። እኔ ያን ቃል ማለት የጀመርኩት ከሷ ሰምቼ ነው፤ ስለው አሁንም ትንሽ ልቤ ይመታል፣ በጣምም ደስ ይለኛል።